ቀጣዩ ክፍል ስለ ምን ይዘገያል?

በወልድያ ከተማ መጻሕፍት ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው አጠገብ ጥቂት የቆመ ሁሉ፥ የአንድን ምናባዊ ልብ ወለድ አንደኛ ክፍል በሌሊት አንብቦ የጨረሰ ወጣት ሁለተኛውን ሲጠይቅ፥ «ገና አልወጣም» ሲባልም «ደራሲው ሰንፎ ነዋ!» ብሎ ፈርዶ ሲሄድ ይሰማል። ይህ ፍርድ በመርሳም በሀብሩ ገጠርም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ያለ ምስክር የተፈረደ ስለሆነ ልመረምረው ወደድሁ።

ፍርዱ በተረቶች የተደገፈ ነው፤ ፊተኛው ተረት ከቤተ ክህነት ወግ የተወሰደ ነው። «አባቶቻችን በመቃ ብርዕ ዳዊትንና ወንጌልን ጽፈው ሲያስረክቡ፥ የዛሬው ደራሲ ኮምፒውተር ታቅፎ ዓመታት የሚፈጀው ምን ሆኖ ነው?» ይባላል። ቁም ጸሐፊን በቅርብ ያየ ሰው ግን ልዩነቱን ያውቃል። ብራናውን በወስፌ አሥምሮ፥ ብርዑን በካራ ቀርጾ፥ ጥቁሩን ቀለም በአንድ ቀንድ ቀዩን በሌላ ቀንድ አድርጎ፥ ቅዱስ ስም በደረሰ ቁጥር ብርዑን እየለወጠ በቀይ የሚጽፈው ያ ብርቱ ሰው፥ ድካሙ ከማንም ባያንስም፥ ከፊቱ የተዘረጋ አብነት አለው፤ የሚቀጥለውን ቃል አስቀድሞ ያውቀዋል። ደራሲ ግን አብነቱን ራሱ ይፈጥራል፤ የፈጠረውንም ስንት ጊዜ ያፈርሰዋል።

ሁለተኛው ተረት «ዓለሙ አንድ ጊዜ ከተፈጠረ ወዲያ ተከታዩ ይቀላል» የሚለው ነው። እውነቱ ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ማርቲን የ«በረዶና የእሳት መዝሙር»ን ተከታታይ መጻሕፍት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996፥ በ1998፥ በ2000፥ በ2005ና በ2011 አወጣ፤ እርምጃው እየሄደ እንደ ዘገየ ዓመታቱ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ስድስተኛውም ይህ እስከ ተጻፈ ድረስ አልወጣም። ምክንያቱም የታተመ ገጽ አይፋቅም፤ በአንደኛው ክፍል የሞተ በሦስተኛው ሊነሣ፥ ወደ ምሥራቅ የፈሰሰ ወንዝ ወደ ምዕራብ ሊፈስ አይችልም፤ በየገጹ የተሸሸገው ምሥጢር ሁሉ የደራሲው ዕዳ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ በልዩ ልዩ መንገድ የተላኩት ሰዎችም በአንድ ቀን በአንድ ሥፍራ መገናኘት አለባቸው።

በሁለት ኅትመት መካከል ያለውን ጊዜ የጽሕፈት ጊዜ አድርጎ መቁጠርም ስሕተት ነው። የእንግሊዛዊው ቶልኪን «የቀለበቶች ጌታ» ሦስት ቅጾች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1954 እስከ 1955 ተከታትለው ስለ ወጡ በአንድ ዓመት የተጻፉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሥራው በ1937 ተጀምሮ በመምህርነቱ ትርፍ ሰዓት ከዐሥር ዓመት በላይ የፈጀ አንድ ድርሰት ሲሆን፥ በሦስት የተከፈለው በኅትመት ዋጋ ምክንያት ነው። በሀገራችንም ብዙ ደራሲ የማተሚያ ቤቱን ሒሳብ ከኪሱ ስለሚከፍል፥ ያለቀ ድርሰት ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ በመሳቢያ ይቀመጣል።

በሌላ ወገን «ፈጥኖ የወጣ ሁሉ ገለባ ነው» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ከጣና ገዳማት ምሥጢር ተነሥቶ ወደ ሳይንስ ምናብ የሚሻገረው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ ተከታዩ «ራማቶሓራ» በ2002 ዓ.ም. ደረሰ፤ አንባቢውም በፍቅር ተቀበለው። ሥራ በመዘግየቱም ሆነ በመፍጠኑ እንደማይመዘን የሀብሩ ገበሬ ከእኛ ከአንባብያን ይልቅ ያስተውለዋል፤ በሚያዝያ ዘርቶ ኅዳርና ታኅሣሥ የሚቆርጠውን የቆላ ማሽላ ስለ ዘገየ አይወቅሰውም፤ ዝናብ በዘገየ ጊዜ በሐምሌ የሚዘራውን፥ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ብዙ የደከመበትን ፈጥኖ ደራሽ ማሽላም ስለ ፈጠነ አይንቀውም፤ ሁለቱንም በእሸታቸው ይመዝናቸዋል።

እንግዲህ የወልድያና የመርሳ አንባቢ ሆይ፥ ሁለተኛውን ክፍል ከልብህ የምትናፍቅ ከሆነ፥ አንደኛውን በስልክ ከሚዘዋወረው የተሰረቀ ቅጂ ሳይሆን ከሻጩ እጅ በዋጋው ግዛ፤ የሚቀጥለው ክፍል የማተሚያ ሒሳብ የሚከፈለው ከዚያው ነው።