ውሳኔዎቻችን ከቃለ ጉባኤ ወጥተው ሥራ እንዲሆኑ
ሥነ ልቦና ለሰበካ አገልግሎታችን የሚሰጠው እገዛ

የአንድ ሰበካ ጉባኤ አባላት በሚያዝያ ወር ተሰብስበው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የሳሳውን ደን ለመመለስ በክረምት ችግኝ እንዲተከል፣ ጉድጓዱም አስቀድሞ እንዲቆፈር ወሰኑ እንበል። ሁሉም ተስማማ፤ ቃለ ጉባኤውም ተፈረመ። «ኮሚቴው ከምእመናን ጋር በመተባበር ያስፈጽም» የሚል ቃልም ሰፈረበት። ሐምሌ ሲገባ ችግኙ ተጭኖ ደረሰ፤ ጉድጓዱ ግን አልተቆፈረም። ጥቂቱ በጥድፊያ ተተከለ፤ የቀረው በአጥሩ ጥግ እንደተደረደረ ደረቀ። በቀጣዩ ስብሰባ የተነገረው ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፦ «ሰው ለቤቱ ያለው ፍቅር ቀዝቅዟል።»

ይህን የመሰለ ነገር ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይሆንም። ፍቅር የሚቀዘቅዝበት ጊዜ መኖሩንም አንክድም። ነገር ግን በቅን ልብ የተወሰነ ሥራ ሳይፈጸም ሲቀር ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሥራው የተከፋፈለበት፣ የታቀደበትና የተነጋገርንበት መንገድ ነው። የሰውን አስተሳሰብና ጠባይ የሚመረምረው የሥነ ልቦና ጥናት ስለዚህ ጉዳይ ጠቃሚ ነገሮችን አሳይቷል። ጥናቱ ጸሎትንና የንስሐ አባትን ምክር አይተካም፤ እግዚአብሔር የፈጠረውን የሰውን ጠባይ በማስተዋል እንድንሠራ ግን ይረዳናል። አራቱን ነጥቦች እንመልከት።

የሁሉም የሆነ ሥራ

ማክስ ሪንግልማን የተባሉ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ፣ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ገመድ ሲስቡ ያላቸውን ጉልበት ለክተው ነበር። የሳቢዎቹ ቁጥር በጨመረ መጠን የእያንዳንዱ ድርሻ ቀነሰ። ስምንት ሰዎች አብረው ሲስቡ አንዱ ያወጣው ጉልበት ብቻውን ሲስብ ከሚያወጣው ግማሽ ያህል ሆነ። የጉልበቱ ከፊል የጠፋው አንድ ላይ ባለመሳባቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ ሌላ ጥናት ግን ሰዎች አብሯቸው የሚጮኽ ሌላ ሰው እንዳለ ሲያምኑ ብቻ እንኳ ድምፃቸውን እንደሚቀንሱ አሳየ። ይህን የሚያደርጉት በክፋት አይደለም፤ አብዛኞቹ መቀነሳቸውንም አያውቁትም። የእያንዳንዱ ድርሻ ለይቶ የሚታወቅ ሲሆን ግን ጉድለቱ እጅግ ይቀንሳል።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ ይህን ምስጢር ያወቁት ይመስላል። ሎሚው ጌጥ የሚሆነው እያንዳንዱ አንድ ሎሚ በእጁ ሲይዝ ነው። ሃምሳው ሎሚ በአንድ ቁና ተቀምጦ «ሁላችሁም ተሸከሙ» ቢባል ቁናው ከቦታው ላይነሣ ይችላል። መጽሐፈ ነህምያም በምዕራፍ 3 የኢየሩሳሌምን ቅጥር የጠገኑትን በየስማቸውና በየክፍላቸው ይዘረዝራል፤ ብዙዎቹም የጠገኑት በቤታቸው አንጻር ያለውን ነበር። ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ። እንግዲህ «ኮሚቴው ያስፈጽም» በማለት ፈንታ «ከምሥራቁ በር እስከ ቤተልሔሙ ያለውን ጉድጓድ የእገሌ ማኅበር ያስቆፍራል፤ ኃላፊውም እገሌ ነው» ብለን ብንጽፍ፣ ሎሚውን በየእጁ ሰጠን ማለት ነው።

መቼ፣ የት፣ ከምን በኋላ

ስም መጻፍ ብቻውን አይበቃም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልቪትሰር ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች የልደትን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ በበዓሉ ሁለት ቀን ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ። ግማሾቹ መቼና የት ሆነው እንደሚጽፉ አስቀድመው እንዲወስኑ ተደረገ። ከእነርሱ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ጽፈው ላኩ፤ እንዲህ ካልወሰኑት ግን የላከው ከሦስቱ አንዱ ያህል ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። «እሠራዋለሁ» የሚል ሐሳብ በማስታወስ ላይ ይንጠለጠላል፤ «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» የሚል ሐሳብ ግን ጊዜው ራሱ ይቀሰቅሰዋል። ለእኛ ደግሞ ለዚህ የሚመች የቤተ ክርስቲያን የጊዜ ሥርዓት አለን። «በዚህ ወር ሒሳቡን አጣራለሁ» ከማለት ይልቅ «በ21 ከማርያም ቅዳሴ በኋላ ከሒሳብ ሹሙ ጋር በጽሕፈት ቤቱ ተቀምጬ ሒሳቡን አጣራለሁ» ብለን እንወስን። በዓሉ ሲደርስ ሥራውን ይዞት ይመጣል።

የጊዜ ግምታችን

ሦስተኛው ድካማችን ጊዜን አሳንሶ መገመት ነው። በካናዳ እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት፣ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን እንደሚፈጽሙ ገመቱ፤ የፈጀባቸው ግን 55 ቀን ያህል ነበር። ሰው ሲያቅድ የሚያየው ሁሉ የተሳካበትን መንገድ ነው፤ የሚመጣው ለቅሶ፣ የሚበላሸው መኪና፣ የሚዘገየው ደብዳቤ በዐይነ ልቡናው አይታየውም።

መድኃኒቱ ያለፈውን መጠየቅ ነው። አዲስ ግንብ ከመጀመራችን በፊት «ያለፈው የአጥር ሥራ ስንት ወር ይፈጃል ብለን ነበር? ስንት ወር ፈጀ?» ብለን የድሮውን ቃለ ጉባኤ እንግለጥ። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር ጌታችን በወንጌል አስተምሮናል። የጊዜውም ወጪ መቆጠር ይኖርበታል። ለምእመናን የተነገረ ቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲያልፍ የሚጠፋው እምነት ከገንዘቡ ይልቅ ይከብዳልና።

ይሉኝታና እውነት

አራተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን የሆስፒታል ሠራተኞች ቡድኖችን ሲያጠኑ፣ በጎ መሪ ያላቸውና የሚተባበሩ ቡድኖች ስሕተታቸው አነስተኛ ይሆናል ብለው ጠብቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ውጤት ግን በእነዚያ ቡድኖች የተመዘገበው ስሕተት ከሌሎቹ የበለጠ መሆኑን አሳየ። ነገሩን ሲመረምሩት በጎዎቹ ቡድኖች ስሕተታቸውን ሳይፈሩ ይናገሩ ስለነበር ሊታረም ቻለ፤ በሌሎቹ ዘንድ ግን ተሸሽጎ ይቀር ነበር።

ወደ ሰበካችን እንመለስ። ጉድጓዱ እንዳልተቆፈረ በሰኔ ወር ያወቀ አንድ ወጣት አባል ሳይኖር አይቀርም። ዝም ያለው ግን አለቃውን ማሳጣት መስሎት፣ «እርሱ ማን ሆኖ» መባልን ፈርቶ ነው። ይሉኝታ ትሕትናን የሚጠብቅ መልካም ነገር ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ሲጠፋ አፍ የሚያስይዝ ሲሆን ግን ጉዳት ይሆናል። ወጣቱ አባቶችን እንዲዳፈር ማድረግ አያስፈልግም፤ የንግግሩን ቅደም ተከተል መለወጥ ይበቃል። በቀደመው የአገራችን የንጉሥ ችሎት አስተያየት ይሰጥ የነበረው ከማዕረጉ ዝቅ ካለው ጀምሮ ነበር፤ ንጉሡ የሚናገሩት በመጨረሻ ነው። የበላዩ ከተናገረ በኋላ የበታቹ የተለየ አሳብ ማቅረብ ይከብደዋልና። የደብሩ አስተዳዳሪም በመጨረሻ ቢናገሩ፣ ጉድለትን አስቀድሞ ያሳወቀውንም በጉባኤው ፊት ቢያመሰግኑ፣ ክብራቸው አይጎድልም፤ እውነቱ ግን በጊዜው ይደርሳቸዋል።

ከሚቀጥለው ስብሰባ ጀምሮ

ሰበካ ጉባኤዎቻችን ሁሉን በአንድ ጊዜ እንዲለውጡ አንጠይቅም። በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ውሳኔ ብቻ ተመርጦ በቃለ ጉባኤው ላይ አራት ነገሮች ይጻፉ፦ ኃላፊው በስም ማን ነው? በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው አገልግሎት በኋላ ይጀምራል? ከዚህ ቀደም ይህን የመሰለ ሥራ ስንት ጊዜ ፈጀ? ሥራው ቢሰናከል ማን፣ ለማን፣ እስከ መቼ ያሳውቃል? በተከታዩ ስብሰባ አጀንዳው ከዚህ ውሳኔ ይጀምር፤ ያልተፈጸመ ከሆነም ከወቀሳ በፊት «ምን አሰናከለን?» ተብሎ ይጠየቅ።

በኢየሩሳሌም መበለቶች በዕለታዊው ምግብ ቸል በተባሉ ጊዜ፣ ሐዋርያት የጉርምርምታውን ድምፅ ሰምተው ሰባት ሰዎችን በየስማቸው ለአገልግሎቱ ሾሙ። በዚያ ጉባኤ የፍቅር መቀዝቀዝን ከመውቀስ ይልቅ የሥራው ሥርዓት ተስተካከለ፤ መበለቶቹም ተመገቡ። በደጃችን የሚጠብቁን ችግረኞች፣ በአጥራችን ጥግ የተደረደሩት ችግኞችም ከእኛ የሚሹት ይህንኑ ነው።

የአገልግሎታችሁን ፍሬ ልዑል እግዚአብሔር ይባርክ።