ገንዘብ በሽቦ በሚሮጥበት ዘመን የበጅሮንድ ሥራ

የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ በቀድሞው ዘመን አንድ ነጋዴ 2,000 ብር ከአንድ አገር ወደ ሌላው ለመላክ ቢያስብ፥ 56 ኪሎ የሚሆን ብር በበቅሎ ማስጫን፥ ጠባቂ መቅጠር፥ ወንዙ እስኪጐድል መቈየት፥ ከደረሰም በኋላ አንድ በአንድ ማስቈጠር ነበረበት። ድካሙ ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን አንድ ጥቅም ነበረው። ሌባው በእግሩ መጥቶ በእግሩ የሚሄድ ስለ ሆነ ዱካው ይፈለግ ነበር።

በቤተ መንግሥት የንጉሡን ግምጃ ቤት የሚጠብቀው ሹም በጅሮንድ ይባል ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ የገንዘብ ሚኒስትርነቱ ለበጅሮንድ ሙሉጌታ መሰጠቱ የሹመቱን ክብር ያሳያል። የአቢሲኒያ ባንክም ሥራውን የጀመረው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ በ1898 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በየአገሩ ያሉት ታላላቅ ኩባንያዎች ለየራሳቸው እንዲህ ያለ ሹም አላቸው። ይህም ሹም ከሒሳብ ጸሐፊ የተለየ ነው። ሒሳብ ጸሐፊ ያለፈውን ይመዘግባል፤ በጅሮንዱ ግን የነገን ያስባል። ገንዘቡ በየትኛው ባንክ፥ በየትኛው አገር ገንዘብ፥ ምን ያህል እንዳለ፤ ዕዳው መቼ እንደሚደርስ፤ የሠራተኛው ደመወዝ በቀኑ ይከፈል እንደ ሆነ የሚጠየቀው እርሱ ነው። በትርፍ የሚሸጥ ኩባንያ እንኳ በዕዳው ቀን እጁ ላይ ገንዘብ ካጣ ይወድቃልና፥ ሥራው ቀላል አይደለም።

ገንዘብ ከበቅሎ ወርዶ በሽቦ መሮጥ ከጀመረ ወዲህ አደጋው በመንገዱ ርዝመት ሳይሆን በሰዓት ልዩነት መጣ። ሰኔ 19 ቀን 1966 ዓ.ም. በጀርመን አገር በኰሎኝ ከተማ ሄርሽታት የሚባለው ባንክ በመንግሥት ትእዛዝ ተዘጋ። በዚያ ቀን ከእርሱ ጋር ዶላር በማርክ ለመለወጥ የተዋዋሉት ባንኮች ማርካቸውን አስቀድመው አስረክበው ነበር። ኰሎኝ የዕለት ሥራውን ሲጨርስ ኒው ዮርክ ግን ገና ማለዳ ስለ ነበረ፥ በምላሹ የሚቀበሉት ዶላር ሳይከፈላቸው ቀረ። ሰጪው ሰጥቶ ተቀባዩ ሳይሰጥ ፀሐይ በሁለት አገር መካከል ቆመች ማለት ነው። ለዚህ ችግር የተሠራው መድኃኒት የመጣው ከ28 ዓመት በኋላ በ1994 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ሲ ኤል ኤስ የተባለው ድርጅት የሁለቱንም ወገን ገንዘብ በአንድ ጊዜ አገናኝቶ ያስረክባል፤ አንዱ ካላመጣ ሌላውም አይወሰድበትም። ድርጅቱ የሚያስረክባቸው የ18 አገር ገንዘቦች ሲሆኑ ብር በእነርሱ ውስጥ አይገኝም።

የባንኮች የመልእክት መንገድ የሆነው ስዊፍት ደግሞ በ1965 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር የተቋቋመ ነው። ባንክ ለባንክ የሚጽፈው የክፍያ ትእዛዝ በዚህ መንገድ ይተላለፋል፤ ስለዚህም ተቀባዩ የላኪውን ፊት ሳያይ ትእዛዙን ያምናል። ይህ እምነት በጥር 2008 ዓ.ም. ክፉኛ ተፈተነ። ሌቦች በባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ኮምፒዩተሮች ውስጥ አስቀድመው ተደብቀው ገብተው፥ የጸሐፊዎቹን አሠራርና የምስጢር ቃላቸውን ካጠኑ በኋላ፥ በጥር 26 ቀን ሐሙስ ሌሊት በባንኩ ስም ወደ ኒው ዮርክ 35 ትእዛዞች ሰደዱ። የተጠየቀው ገንዘብ 951 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል።

የሚያስደንቀው የገንዘቡ ብዛት ብቻ አይደለም። በባንግላዴሽ የሳምንቱ ዕረፍት አርብና ቅዳሜ ነው፤ በኒው ዮርክ ቅዳሜና እሑድ ነው፤ በተከተለው ሰኞ ደግሞ በፊሊፒንስ የቻይናውያን የዘመን መለወጫ ይከበር ነበር። ሌቦቹ ባሕረ ሐሳብ እንደሚያሰላ ሰው የሦስት አገር በዓል አሰናስለው፥ አንዱ ሲነቃ ሌላው የሚተኛበትን አራት ቀን መረጡ። ትእዛዙን ሁሉ በወረቀት እያተመ የሚያወጣውን መኪናም አስቀድመው ዝም አሰኙት። የባንኩ ሰዎች አርብ ቀን መኪናው አላትም ባለ ጊዜ የዘወትር ብልሽት መስሏቸው ተዉት። አንድ ወረቀት በጊዜው ቢታተም ኖሮ ነገሩ በዚያው ይገታ ነበር።

ከ35ቱ ትእዛዞች አምስቱ አለፉ። የቀሩት የቆሙትም በጥበቃ ብርታት ብቻ ሳይሆን በአጋጣሚ ጭምር ነው፤ ገንዘቡ የሚሄድበት የማኒላ ቅርንጫፍ አድራሻ ጁፒተር የሚል ቃል ስላለበት፥ ይህም በማዕቀብ መዝገብ ከተጻፈ ስም ጋር ስለ ተመሳሰለ ነው። ወደ ሲሎን፥ በዛሬው ስሟ ስሪ ላንካ፥ የሄደው 20 ሚሊዮን ደግሞ ‹ፋውንዴሽን› የሚለው ቃል ‹ፋንዴሽን› ተብሎ ስለ ተጻፈ ተጠርጥሮ ተመለሰ። አንዲት የፊደል ስሕተት 20 ሚሊዮን ዶላር አዳነች፤ ብራና ሲያርሙ ለኖሩ ሊቃውንት ይህ እንግዳ ነገር አይሆንባቸውም። ወደ ማኒላ የደረሰው 81 ሚሊዮን ግን ከባንክ ወጥቶ በቁማር ቤቶች ገብቶ ጠፋ፤ ከእርሱም በኅዳር 2009 ዓ.ም. ለባለቤቱ የተመለሰው 15 ሚሊዮን ያህል ነው።

ሌባ ሳይኖር ደግሞ ፍጥነት ራሱ ባንክ ያፈርሳል። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ሲሊከን ቫሊ ባንክ የአዳዲስ ኩባንያዎችን ገንዘብ በብዛት ያስቀምጥ ነበር። ወለዱ ዝቅተኛ በነበረበት ጊዜ የረጅም ዘመን የመንግሥት ቦንድና የመሰለውን ሰነድ ገዛ፤ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ወለዱ ከፍ ሲል የያዘው ሰነድ ዋጋው ወረደ። የካቲት 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በሽያጭ 1.8 ቢሊዮን ዶላር መክሰሩን አስታወቀ። በማግሥቱ ሐሙስ በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ወጪ ተጠየቀበት፤ አርብ መጋቢት 1 ቀን መንግሥት ዘጋው። በቀድሞ ጊዜ ባንክ ሲጠረጠር ሕዝብ በደጁ ተሰልፎ ይታይ ነበር፤ ይህን ባንክ ግን አብዛኞቹ በቢሮአቸው ተቀምጠው በስልካቸው አፈረሱት።

በአሜሪካ ሕግ ባንክ ሲወድቅ መንግሥታዊው ዋስትና ለአንድ አስቀማጭ የሚከፍለው እስከ 250,000 ዶላር ነው። ሮኩ የሚባለው ኩባንያ በዚያ ባንክ 487 ሚሊዮን ያህል፥ ሰርክል የተባለው ደግሞ 3.3 ቢሊዮን ዶላር ነበራቸው። ሮኩ ያስቀመጠው ካለው ገንዘብ ሩብ ያህል ስለ ሆነ ቢጠፋበትም ይቆም ነበር፤ ገንዘባቸውን ሁሉ በዚያ አንድ ቤት ያኖሩት ትንንሽ ኩባንያዎች ግን የሠራተኛ ደመወዝ ከየት እንደሚያመጡ ሳያውቁ ቅዳሜና እሑድን አሳለፉ። እሑድ ማታ መንግሥት የሁሉንም ገንዘብ ሙሉ በሙሉ እንደሚከፍል ባያስታውቅ ኖሮ ብዙዎቹ ሰኞ በራቸውን ባልከፈቱ ነበር። በአንድ ባንክ መገበያየት ለጸሐፊ ይመቻል፤ ሒሳቡም ያምራል፤ የበጅሮንድ አእምሮ ግን ለምቾት የተሰጠ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የመጨረሻው ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. በሆንግ ኮንግ የአንድ የእንግሊዝ መሐንዲሶች ኩባንያ ሠራተኛ ከለንደን ሹማምንቱ ጋር በቪዲዮ ስብሰባ የተቀመጠ መሰለው። ፊታቸውንም አየ፥ ድምፃቸውንም ሰማ፤ ትእዛዙን ተቀብሎ በ15 ጊዜ 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ላከ። በስብሰባው የነበሩት ሁሉ በኮምፒዩተር የተሠሩ ምስሎች ነበሩ። ይስሐቅ በዳሰሰው እጅ ቢታለል ድምፁን ለይቶ ተጠራጥሮ ነበር፤ በዚህ ግን ድምፁም መልኩም ሐሰት ነው። ጥንቁቅ ኩባንያዎች ያገኙት ዘዴ አሮጌ ነው፤ ትእዛዝ በየትኛውም መንገድ ቢመጣ፥ አስቀድሞ በታወቀ ስልክ ወደ አዛዡ ደውሎ ማረጋገጥና ያለ ሁለተኛ ሰው ፊርማ አለመክፈል ነው።

በኢትዮጵያም ጊዜው እንዲሁ ተለውጧል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ በእጅ ስልክ ይተላለፋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባወጀ ጊዜ ግን የኩባንያ በጅሮንዶች ሌላ ፈተና አገኛቸው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት የ100,000 ዶላር ዕቃ በዱቤ ያስመጣ ኩባንያ ዕዳው በመዝገቡ 5 ሚሊዮን ከ700 ሺህ ብር ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ሊከፍል ሲቀርብ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ዕቃው አስቀድሞ በድሮው ዋጋ ተሽጦ ከሆነ፥ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ የሚጠየቀው በጅሮንዱ ነው።