ተረከዝንና ጣትን የሚያገናኘው ጅማት

ጫማዎን ያውልቁና ወንበር ላይ ይቀመጡ። አንዱን እግር በሌላው ጉልበት ላይ ያሳርፉና አውራ ጣቱን በእጅዎ ይዘው ወደ ቅልጥምዎ ይሳቡት። በሌላው እጅዎ የውስጥ እግርዎን መካከል ጫን ጫን ያድርጉ። የተገተረ ጠንካራ ነገር ያገኛሉ። ጣቱን ሲለቁት ይላላል፣ መልሰው ሲስቡት ይወጠራል፤ የእግርዎ ጎድጓዳም አብሮ ከፍ ይላል። ከተረከዝ አጥንት ሥር ተነሥቶ እስከ አምስቱ ጣቶች ግርጌ የሚዘረጋው ሰፊ ጅማት ይህ ነው። የሕክምና ሰዎች ፕላንታር ፋሺያ ይሉታል። እኔ እዚህ የውስጥ እግር ጅማት እለዋለሁ።

አሠራሩን ሂክስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 በዝርዝር ገልጾታል። ስንራመድ ተረከዛችን ከመሬት ሲነሣ ጣቶቻችን ወደ ላይ ይታጠፋሉ። በዚህ ጊዜ ጅማቱ በጣቶቹ ግርጌ ዙሪያ ይጠመጠማል፤ ተረከዝንም ወደ ፊት ይስባል። መሬቱን ሲረግጥ ልል የነበረው እግር በዚያች ቅጽበት እንደ ተወጠረ ደጋን ይጠነክርና ሰውነታችንን ይገፋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጡንቻ ሳይታዘዝ ነው። ከሆሳዕና ገበያ ሸክሟን በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን የምትወጣ ሴት በእያንዳንዱ እርምጃዋ የሚያግዛት እሱ ነው። እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ስለ ወገብና ስለ ጉልበት የሚጠይቀኝ ሰው ሞልቷል፤ ስለዚህ ጅማት ግን ሳይታመም የጠየቀኝ አላጋጠመኝም። ይህ ያሳዝነኛል።

ሲታመም ራሱን አይደብቅም። ጠዋት ከአልጋ ወርደው የሚረግጡት የመጀመሪያው እርምጃ ሚስማር የረገጡ ያህል ያስጮኻል። ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ይለዝብና ቀኑን ሲቆሙ ውለው ማታ ይመለሳል። በሲሚንቶ ወለል ላይ የሚቆም መምህርና ነርስ፣ ክብደት የጨመረ ሰው፣ ባቱ የተኮማተረ ሰው፣ ከመቀመጥ ተነሥቶ በአንድ ጊዜ ብዙ መሮጥ የጀመረ ወጣት ይበልጥ ይጋለጣሉ። ከ10 ሰዎች አንዱ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንደሚያገኘው ይገመታል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። «አጥንት በቅሎብኛል» ይሉኛል። ከዱራሜም፣ ከሾኔም፣ ከሺንሺቾም የሚመጣ ታካሚ ራጁን ከፖስታው ሲያወጣ አብሮ የሚያወጣት ቃል ይህች ናት። ራጁ ላይ በእውነትም ከተረከዝ አጥንት ሥር የሾለ ነገር ይታያል። ታካሚው ያ ሹል በረገጠ ቁጥር ሥጋውን የሚወጋው ይመስለዋል፤ መፍትሔውም አጥንቱን ቆርጦ መጣል ብቻ ይሆንበታል። ጎረቤቱ እንዲሁ ብሎታል፤ አንዳንዴም ራጁን ያነበበለት ሰው እንዲሁ ብሎታል።

ታሪኩ ረጅም ነው። ሮንትገን ራጅን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነበር። አምስት ዓመት ቆይቶ በ1900 ፕሌትነር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ስለ ተረከዝ ሹል አጥንት ጻፈ። ሕመሙ ከዚያ በፊትም ነበረ፤ በራጁ ግን ጥፋቱ የሚላከክበት የሚታይ ነገር ተገኘለት። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሐኪሞች ተረከዝን በሰፊው ከፍተው ያንን አጥንት ሲጠርቡ ኖረዋል።

አጥንቱ ግን ጥፋተኛ ለመሆኑ ማስረጃው ደካማ ነው። ተረከዛቸውን አንድ ቀን እንኳ አሟቸው የማያውቁ ብዙ ሰዎች ራጅ ቢነሡ ያው ሹል ይገኝባቸዋል። በሌላ በኩል በሕመሙ የሚሰቃዩ፣ ራጃቸው ግን ንጹሕ የሆነ አሉ። ደግሞም ሹሉ የሚያመለክተው ወደ መሬት ሳይሆን ወደ ፊት፣ ወደ ጣቶቹ ነው፤ ስለዚህ ሲረግጡ ሊወጋ አይችልም። አብዛኛውን ጊዜ ጅማቱ ውስጥ እንኳ የለም፤ ከጅማቱ በላይ ካለችው፣ ጣቶችን ከምታጥፈው ትንሽ ጡንቻ መነሻ ላይ ነው የሚገኘው። ሌሞንትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 በቀዶ ሕክምና ከ50 ታካሚዎች የተወሰደ ናሙና መርምረው ያገኙት ያረጀና የተበላሸ የጅማት ክር ነበር፤ ብዙ ሰው የሚጠብቀው የብግነት ምልክት አልታየም። የሚያመው ጅማቱ ነው። አጥንቱ ከጎኑ የቆመ ምስክር ነው።

ይህን ያህል የምለፋበት ምክንያት አለኝ። አንድ የዱራሜ መምህር አዲስ አበባ ሄደው ተረከዛቸውን በትንሽ ቀዳዳ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ታክመው ተመለሱ። ማገገማቸው ጥሩ ነበር። ወራት ቆይተው በሌላ ምክንያት ራጅ ሲነሡ ሹሉ እዚያው እንዳለ አዩ። «አላወጡልኝም፣ ተታለልኩ» ብለው እንቅልፍ አጡ፤ እግራቸውም በዚያው ሳምንት እንደ አዲስ ያማቸው ጀመር። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ገንዘብ መሰብሰብ ጀምረው ነበር። ተቀምጠን ስለ ጅማቱ ተነጋገርን፤ ሐኪሙ የቆረጠው ከጅማቱ እንደሆነ፣ አጥንቱን ያልነካውም አስቦበት መሆኑን አስረዳኋቸው። የፈለጉት ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ቀረ። ስለዚህ ተረከዙን በቀዶ ሕክምና የሚታከም ሰው አስቀድሞ ይህን ይወቅ፦ ሹሉ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ራጅ ላይ ሊታይ ይችላል፤ መታየቱ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም።

ለመሆኑ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ማንን ነው? ጥቂቶችን። ከ10 ታካሚዎች ስምንቱ፣ ዘጠኙ ያለ ቢላ በዓመት ውስጥ ይሻላቸዋል። መድኃኒታቸው ከላይ ያሠራሁዎት ነገር ነው፤ ጣትን ወደ ላይ ስቦ እስከ 10 መቁጠር፣ 10 ጊዜ መድገም፣ በቀን ሦስት ጊዜ፤ የመጀመሪያው ከአልጋ ሳይወርዱ። ባትን ማሳሳብና ተረከዙ ለስላሳ የሆነ ጫማ ይጨመርበታል። ስስ ነጠላ ጫማ አድርገው ኮብልስቶን ላይ እየዋሉ «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚሉኝን እቆጣለሁ። ተረከዝ ላይ መርፌ ደጋግመው የሚወጉትንም እንዲሁ፤ መርፌው ለጊዜው ያስታግሣል፣ ሲደጋገም ግን ጅማቱን ሊያስበጥስና የተረከዙን የሥብ ትራስ ሊያሳሳ ይችላል። ከስድስት ወር እስከ ዓመት በትጋት ሞክሮ ያልተሻለው ሰው ነው ስለ ቀዶ ሕክምና የሚያስበው።

በትንሽ ቀዳዳ የሚደረገውን ባሬትና ዴይ የተባሉ አሜሪካውያን የእግር ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1991 አስተዋወቁት። ከአንድ ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ቀዳዳ ይከፈትና ቀጭን ካሜራ ይገባል። ሐኪሙ በስክሪን እያየ ከጅማቱ የውስጠኛውን ጎን ይቆርጣል፤ ሲሶውን፣ ቢበዛ ግማሹን። ሁሉንም ቢቆርጥ የእግሩ ጎድጓዳ ይወድቃል፣ ክብደቱም ወደ ውጪኛው የእግር ጎን ዞሮ ሌላ ሕመም ይፈጥራል። የሚቀጥለውን ዕድሜ የሚሸከመው ሳይቆረጥ የተተወው ክፍል ነው።

ማገገም የሚባለው ነገር ያንን የተተወ ክፍል መጠበቅ ነው። የተቆረጡት ሁለት ጠርዞች እርስ በርስ ይራራቃሉ፤ በመካከሉ አዲስ ጠባሳ ይሞላል፤ ጠባሳው ደግሞ ክብደት የሚችለው ቀስ በቀስ ነው። በቆዳ ላይ ያለችው ቁስል በሁለት ሳምንት ትድናለች። ሰው ያቺን ትንሽ ምልክት ያይና ድኛለሁ ብሎ ይነሣል። በሰፊው የተከፈተ ታካሚ ትልቁን ቁስሉን እያየ ይጠነቀቃል፤ በትንሽ ቀዳዳ የታከመ ግን የሚያስፈራው ነገር ስለማያይ የሚጎዳው እሱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እግር ከልብ ከፍ ብሎ በትራስ ላይ ይዋል፤ ፋሻው አይርጠብ። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ አድርጎ የሚመለስ ሰው ሚኒባስ ውስጥ እግሩን አንጠልጥሎ ከሚመጣ ከጎኑ ያለውን ወንበር ጭምር ቢከፍልበት ይሻለዋል፤ መንገድ ላይም እየቆመ ይረፍ፤ ጣቶቹንና የሌላውን እግር ቁርጭምጭሚት ያንቀሳቅስ። ስፌት የሚወጣው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። አንዳንድ ሐኪሞች በቡት ጫማ ወዲያው እንዲረገጥ ይፈቅዳሉ፤ ሌሎች ለሁለት ሳምንት በክራንች ያቆያሉ። የቆረጠው ሐኪም ያለውን ይከተሉ፤ ክራንቹን ግን ሰው ያየኛል ብለው በር ላይ አይጣሉት።

እኛ አገር ትልቁ ፈተና ጠያቂ ነው። ሕመምተኛ መጠየቅ ትልቅ በጎነት ነው፣ እወደዋለሁም። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ ሲገቡ ታካሚው በአክብሮት ብድግ ይላል፣ ቀጥሎ ሌላው ሲገባ እንደገና ይነሣል፣ ሲወጡ ደጅ ድረስ ይሸኛል። ማታ ፋሻው ደም ይዞ ይገኛል። ጠያቂዎች ሆይ፣ ስትገቡ እጃችሁን በትከሻው ላይ አሳርፉና ተቀመጥ በሉት። ቤተሰብም ይህን አስቀድሞ ይናገር፤ ነውር አይደለም።

ሌላው መታሸት ነው። ወጌሻ በሙያው የተከበረ ነው፤ የወለቀ ትከሻ ሲመልስ አይቻለሁ። አዲስ የተቆረጠ ጅማት ላይ ግን ቅቤ ቀብቶ በአውራ ጣት አጥብቆ ማሸት ጠባሳውን ከሥሩ መቅደድ ነው። ቁስሉ ከተዘጋ ሳምንታት በኋላ ቀስ ያለ ማሸት እኛም እናዛለን፤ ጊዜው ሳይደርስ ግን ማንም እጁን አያሳርፍበት።

ክረምትን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው። የሆሳዕና ቀይ ጭቃ ለፋሻ ጠላት ነው፤ ቀጠሮ መምረጥ የሚችል ሰው ለበጋ ያድርገው። በመስከረም የሚያደርገው ደግሞ ሐዲያ ከሆነ ያሆዴን፣ ከምባታ ከሆነ መሳላን ተቀምጦ እንደሚያሳልፍ ይወቅ፤ በጭፈራ ጣት ላይ ቆሞ መዝለል ጅማቱን ከሁሉ በላይ የሚወጥር ነገር ነው። ቁስሉ ከቀላ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ባት ካበጠና ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ነገ አይባልም። ሆሳዕና በሐዲያ ተወላጅዋ በንግሥት እሌኒ ስም የተሰየመ ሆስፒታል አለ፤ ዱራሜም ሆስፒታል አላት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ጠዋት የመጀመሪያው እርምጃ ለጥቂት ሳምንታት ማመሙ ያለ ነገር ነው። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው በሁለት፣ በሦስት ሳምንት ሥራ ሊገባ ይችላል፤ ቆሞ የሚውል ከስድስት እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል፤ ለሩጫ ከሦስት ወር ያነሰ አልመክርም። የውጪኛው የእግር ጎን ማመም ከጀመረ ፈጥነናል ማለት ነውና እርምጃ እንቀንሳለን። የአምባሪቾን 777 ደረጃዎች የሚመኝ የከምባታ ልጅ ደግሞ ይህን ያስታውስ፦ የሚከብደው መውጣቱ ብቻ አይደለም፤ ሲወርዱ እግር በየደረጃው የሰውነትን ክብደት ተቀብሎ ማቆም አለበት። መጀመሪያ ቤቱ በር ላይ ባለችው አንድ ደረጃ ይለማመድ።

ይህ ሁሉ ትዕግሥት ለሚረዝምበት ሰው የኃይሌን ነገር እነግረዋለሁ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር በ0.09 ሰከንድ የቀደመው ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት እያመመው ነበር። የእሱ ጅማት ከኋላ ያለው ነው፤ ሁለቱም ግን የሚያያዙት ከአንድ የተረከዝ አጥንት ጋር ነው። ከውድድሩ በኋላ ቀዶ ሕክምና አደረገ። በቀጣዩ ዓመት በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ ወጣ፤ ሰው አበቃለት አለ። በዚያው ዓመት በብሪስቶል የዓለም ግማሽ ማራቶን ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2008 ደግሞ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ።

በውጭ አገር የሚታተሙ መመሪያዎች የማይመልሱት አንድ ጥያቄ አለ፤ የጠየቁኝ በዚህ ቀዶ ሕክምና የታከሙ የአንጋጫ እናት ናቸው። እንሰት ሲፋቅ ሴትየዋ መሬት ላይ ትቀመጥና ከግንዱ የተላጠውን ሽፋን ዘንበል ብሎ በተደገፈው ሳንቃ ላይ አንድ እግሯን ከፍ አድርጋ በተረከዟ ጫን ብላ ትይዘዋለች፤ በቀርከሃ መፋቂያ ትፍቃለች። «እንሰቱ ደርሷል፣ መቼ ልፋቅ?» አሉኝ። ያ ግፊት በቀጥታ የሚያርፈው በታከመው ቦታ ላይ ነው። «እማማ፣ በታከመው እግርዎ ብቻ ቆመው ተረከዝዎን ያለ ሕመም ደጋግመው ማንሣት ሲችሉ» አልኳቸው። በየሳምንቱ እየመጡ ግድግዳ ይዘው ሞከሩ። እስኪችሉ ድረስ ጎረቤቶቻቸው በተራ እየፋቁላቸው እሳቸው ቡላውን በእጃቸው ሲጨምቁ ቆዩ።