በብዛት ኢሜይል ለሚልኩ ተቋማት፦ የሰርቨር አመራረጥ ከግዢ እስከ አወጋገድ

የቀጠሮ ማስታወሻ ወይም የክፍያ ማሳወቂያ ለበርካታ ተገልጋዮች በኢሜይል የሚልክ ተቋም የራሱን ሰርቨር ከመግዛቱ በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች እንዲያጤን ይመከራል።

ሶፍትዌር፦ ፖስትፊክስ እና ኤግዚም ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። ተቀባዩ ሰርቨር ለጊዜው ካልተቀበለ መልእክቱን በወረፋ አቆይተው ደግመው ይሞክራሉ።

ሃርድዌር፦ በወረፋ ያለ እያንዳንዱ መልእክት በዲስክ ላይ ስለሚመዘገብ፣ ሥራውን የሚያዘገየው ብዙውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ሳይሆን ዲስኩ ነው። ስለሆነም ፈጣን ኤስኤስዲ፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው በጥንድ፣ ለመብራት መቋረጥም ዩፒኤስ ማሟላት ያስፈልጋል።

የላኪ ማንነት፦ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጂሜይል በቀን 5,000 ገደማና ከዚያ በላይ መልእክት ወደ ተጠቃሚዎቹ የሚልኩ ላኪዎች ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የተባሉትን ማረጋገጫዎች እንዲያሟሉ ይጠይቃል። ይህ ካልተሟላ መልእክቱ ሊመለስ ወይም ወደ አይፈለጌ መልእክት ማኅደር ሊገባ ይችላል፤ የቱንም ያህል ኃይለኛ ማሽን ይህን አይተካም።

አወጋገድ፦ ከአገልግሎት የወጣ ዲስክ የተገልጋዮችን ስምና አድራሻ እንደያዘ ሊቆይ ይችላል። በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ የአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ ለአሥርተ ዓመታት ሲከማችበት በኖረው ቆሼ፣ ከክምሩ የሚሸጥ ዕቃ እየለቀሙ የሚተዳደሩ ወገኖች አሉ። ከቆሻሻ ጋር የተጣለ ዲስክ በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግለሰቦችን መረጃ ደኅንነት መጠበቅን ግዴታ ያደርጋል። ስለዚህ ዲስኩ ከተቋሙ ከመውጣቱ በፊት መረጃው ተመልሶ እንዳይነበብ ሆኖ መደምሰስ ይኖርበታል።