በክሪስታል የታሰረው ምስክር

በሳሊተ ምሕረት አካባቢ ካሉት መድኃኒት ቤቶች ወደ አንዱ ገብቶ ሲሪንጅ የሚገዛ ሰው፥ በማሸጊያው ላይ ‹‹አር›› የምትል የላቲን ፊደል ሊያገኝ ይችላል። ዕቃው ከተሕዋስያን የጸዳው በጨረር ነው ማለት ነው። ለዚህ ሥራ የተለመደው መጠን 25 ሺህ ግሬይ ሲሆን፥ የካንሰር ሕመምተኛ በአንድ ቀን ሕክምና የሚቀበለው ግን ብዙውን ጊዜ 2 ግሬይ ያህል ነው። ታዲያ ጨረር አይታይ፥ አይሸተት፤ መጠኑ መድረሱን ማን ይመሰክራል?

ምስክሩ አላኒን የሚባል ነጭ ዱቄት ነው። ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ ሲሆን፥ የሞለኪዩሉ አንድ ጫፍ አዎንታዊ፥ ሌላው አሉታዊ ስለ ሆነ ክሪስታሉ እንደ ጨው ጠብቆ ይያያዛል። እንደ ክኒን ተጠፍጥፎ ከዕቃው ጋራ ጨረሩን ይቀበላል። ኤሌክትሮኖች አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይኖራሉ፤ ጨረሩ ትስስሩን ሲበጥሰው ግን ብቸኛ ኤሌክትሮን የያዘ ስባሪ ይቀራል። ይህን ሊቃውንት ነፃ ራዲካል ይሉታል። ስሙ ነፃ ይሁን እንጂ በክሪስታል ውስጥ እስረኛ ነው፤ ግራ ቀኙ በሥርዓት ስለ ተደረደረ መላወሻ አጥቶ ለዓመታት ይቆያል። ከቡና ጋራ የምናቀርበው ስኳር እንኳ ጨረር ቢያገኘው እንዲሁ ይሆናል፤ ውሃ ውስጥ ሲሟሟም እስረኞቹ ተለቀው እጅግ ፈዛዛ ብርሃን ይሰጣል።

እስረኞቹን ለመቁጠር የሚያገለግለውን ዘዴ የሶቪየቱ ሊቅ ዛቮይስኪ እ.ኤ.አ. በ1944 በካዛን ከተማ አገኘው። ክሪስታሉ በማግኔት መካከል ተደርጎ ማይክሮ ሞገድ ሲለቀቅበት፥ ብቸኞቹ ኤሌክትሮኖች ሞገዱን ይውጣሉ፤ ከሚውጡት ልክ ብዛታቸው፥ ከብዛታቸውም የጨረሩ መጠን ይሰላል።

የመጠን ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ቃሊቲ በተቋቋመው የቆላ ዝንብ ማርቢያ፥ ገንዲን ለማጥፋት ወንዶቹ ዝንቦች በኮባልት ጨረር እንዲመክኑ ይደረግ ጀመር። መጠኑ ካነሰ ወንዱ ይወልዳል፤ ከበዛ ደግሞ ደክሞ ሴቲቱን ለዱሩ ዝንብ ይለቃል፤ የገበሬው በሬም ያው መሞቱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ነው።

ለሕመምተኛ በሚሰጥ አነስተኛ መጠን አላኒን ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ሊቃውንቱ ሊትየም ፎርሜትና አሞኒየም ታርትሬት የተባሉትን ጨዎች ፈትነው፥ ይበልጥ ንቁ ሆነው አገኟቸው። ክኒኑን ግን ከእርጥበት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከሟሟ ምስክርነቱ አብሮ ይጠፋልና።