የሠፋሪው ማሳና የአፈሩ አሉሚኒየም

ከወልድያ ወደ መርሳ ሲወረድ በሀብሩ ሜዳ ላይ በሰፊው የሚታየው ጥቁር አፈር ነው። በዚህ አፈር ላይ ማሽላንና ጤፍን አብዝቶ የሚጎዳው የዝናብ እጥረት እንጂ የአፈሩ ኮምጣጣነት አይደለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲሠፍር ትልቁ ክፍል የወሎ ሰው ነበር፤ በፈቃዱ የሄደ አለ፣ ያለፈቃዱ የተጫነም አለ። ብዙዎቹ የደረሱበት የወለጋና የኢሉባቦር መሬት ዝናቡ የበዛ፣ አፈሩም በአብዛኛው ቀይና አሲዳማ ነው። ስለሆነም ገበሬው የለወጠው አየሩን ብቻ አልነበረም።

ሥር የሚረዝመው ከጫፉ አጠገብ ባለች ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። በዚያ ያሉትን ሕዋሳት ከሚያዙት ሆርሞኖች ዋናው ኦክሲን ይባላል። ይኸውም በአብዛኛው በለጋ ቅጠል ተሠርቶ ወደ ታች የሚወርድ ሲሆን በልኩ ሲገኝ ሥርን ያሳድጋል፤ ከልኩ ሲያልፍ ግን ዕድገቱን ይገታል።

አሉሚኒየም በማንኛውም አፈር በብዛት ይገኛል። ከሸክላው ጋር ታስሮ ሲቆይ ጉዳት የለውም። ፒ ኤች የተባለው የአሲድነት መለኪያ ከ5.5 በታች ሲወርድ ግን እየሟሟ የሥሩን ጫፍ ያጠቃል። ያን ጊዜ ኤቲሊን የተባለው ሌላ ሆርሞን ይበዛል፤ እርሱም ኦክሲን ከጫፉ ጥቂት ከፍ ብሎ እንዲከማች ያደርጋል። ሕዋሳቱ መርዘማቸውን ያቆማሉ፤ ሥሩም አጭር፣ ወፍራም፣ ቡናማና ቀጫጭን ቅርንጫፍ የሌለው ሆኖ ይቀራል።

የመስክ ሠራተኛውን የሚያሳስተው ይህ ነው። ዝናብ ለጥቂት ቀናት ሲቋረጥ ሰብሉ ይጠወልጋል፤ ከአንድ ክንድ በታች ግን እርጥበት አለ። አሉሚኒየሙ ፎስፎረስንም ስለሚይዝ ቅጠሉ ወደ ሐምራዊነት ሊያደላ ይችላል። ሪፖርቱ ግን «ዘሩ መጥፎ ነው»፣ ወይም ይባስ ብሎ «ሠፋሪው ሰነፍ ነው» ሊል ይችላል። ሌላ ዘር ቢላክም በዚያው አፈር ይቀጭጫል። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ሪፖርት ከመጻፍ በፊት አንድ ቡቃያ በአካፋ አውጥቶ ሥሩን መመልከት ይቀድማል፤ ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው።

መድኃኒቱ ኖራ ነው። ኖራ አሲዱን አብርዶ አሉሚኒየሙን መልሶ ያስረዋል። ችግሩ በሄክታር በአሥር የሚቆጠር ኩንታል መጠየቁና ማረሻ ከሚደርስበት ጥልቀት እምብዛም አለማለፉ ነው። መጠኑም ያለ አፈር ምርመራ ሊወሰን አይገባም፤ ኖራ ከመጠን ሲያልፍ ዚንክ ይታሰራል፣ ዚንክ ሲያጥር ደግሞ ተክሉ በቂ ኦክሲን አይሠራም።

የዘሩም ነገር አለ። ገብስ በአሉሚኒየም በቀላሉ ይጎዳል። አንዳንድ የማሽላ ዝርያዎች ግን ከሥራቸው ጫፍ ሲትሬት የተባለ ንጥረ ነገር እያመነጩ አሉሚኒየሙን ያስሩታል። በሀብሩ የሚገኘው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ዝናብ ለሚያጥረው ቆላ የሚስማሙ የማሽላ ዝርያዎችን አውጥቷል፤ ሆኖም ድርቅን የሚችል ዘር ሁሉ አሉሚኒየምን ይችላል ማለት አይደለም። በመሆኑም ከወሎ ቆላ የተገኘ ዘር በምዕራቡ አፈር ላይ ለብዙ አባወራ ከመታደሉ በፊት በአንዲት መደብ ተዘርቶ፣ በሦስተኛው ሳምንት ተነቅሎ ሥሩ ሊታይ ይገባል።