ኮሌጁ «ይሄን ያህል በመቶ አስመርቃለሁ» ሲል ማንን ቆጥሮ ነው?

አሜሪካ ላለ ትንሽ ኮሌጅ ልታመለክቱ ካሰባችሁ ስኮላርሺፑን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ከገባው ተማሪ ስንቱ ይመረቃል? የ1990 የአሜሪካ ሕግ የፌዴራል የተማሪ ዕርዳታ የሚያገኙ ኮሌጆች ይሄን ቁጥር እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ቁጥሩ ግን ሁሉንም ተማሪ አያካትትም። እንዴት እንደሚሰላ እንየው።

👉 የምረቃ ምጣኔ

የሚቆጠሩት ኮሌጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡ የሙሉ ሰዓት ተማሪዎች ናቸው። የ4 ዓመቱን ትምህርት በ6 ዓመት የጨረሰም «ተመረቀ» ይባላል። ስኮላርሺፓችሁ ለ4 ዓመት ብቻ ከሆነ የቀረው ከኪሳችሁ ነው!

ከሌላ ኮሌጅ ተዛውሮ የመጣ እዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ተዛውሮ የሄደ ደግሞ ሌላ ቦታ ቢመረቅም ለመጀመሪያው ኮሌጅ እንዳልተመረቀ ነው የሚቆጠረው።

👉 ለ2ኛ ዓመት የሚመለሱት

ይሄ ለብቻው ይወጣል። ዝቅ ካለ ብዙዎች በ1ኛው ዓመት እየለቀቁ ነው ማለት ነው። ምክንያቱ ገንዘብ ይሁን ውጤት ኮሌጁን በኢሜይል ጠይቁ።

👉 ትንሽ ኮሌጅ ሲሆን

በዓመት 40 ተማሪ የሚቀበል ኮሌጅ 4 ልጆች ቢወጡበት 10 በመቶ ነው። 4,000 ለሚቀበል ግን 0.1 በመቶ ብቻ። ስለዚህ የአንድ ዓመት ቁጥር አይታችሁ አትደንግጡም፣ አትደሰቱም፤ የተከታታይ ዓመታትን እዩ።

👉 ተማሪዎቹ እነማን ናቸው?

ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ የሚቀበለውም በአብዛኛው አቅም የሌላቸውን ቤተሰብ ልጆች ነው። የሱን ቁጥር የሀብታም ልጆች ከሚበዙበት ኮሌጅ ጋር ማወዳደር ልክ አይመጣም።

👉 እናንተስ የት ናችሁ?

በተማሪ ቪዛ የሄደ ኢትዮጵያዊ «ጥቁር» በሚለው ረድፍ አይቆጠርም፤ የውጭ ተማሪዎች ለብቻቸው ነው የሚመዘገቡት። እዚያው ያደገ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው የሀበሻ ልጅ ግን በሞላው ዘር ይቆጠራል። አጠቃላይ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ የናንተ ረድፍ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። የራሳችሁን ፈልጉ።

የት ይገኛል? የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር «ኮሌጅ ናቪጌተር» የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለው። የኮሌጁን ስም መጻፍ ብቻ ነው፣ በስልክም ይሠራል።

የማመልከቻ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት 10 ደቂቃ ስጡት። ለሚያመለክት ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።